ለመሳል አቅም ያጣ ወንድም፦ ግዴታችን እስከ ምን ድረስ ነው?



አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲሉ የማይጣጣሙ ነገሮችን አንድ ላይ ማስኬድ እንደማይቻል ያስተምሩናል። በዚህ ምሳሌያዊ አነጋገር ሳል የሚታየው እንደ አዋኪና እንደ ምስጢር ገላጭ ነገር ነው። በዕለት ኑሯችንም አመለካከታችን ከዚህ አይርቅም። በቅዳሴ መካከል ሳል ሲመጣብን እናፍራለን፤ ሕፃን ሌሊት ሲስል እንጨነቃለን፤ ሳልን የሚያስታግስ እንጂ የሚያስል መድኃኒት ፍለጋ ወደ ጤና ጣቢያ የምንሄድ ጥቂቶች ነን። ይሁን እንጂ ሳል የበሽታ ምልክት ብቻ ሳይሆን የሳንባችን ዘብ ጭምር ነው። ይህን ዘብ ያጡ ሰዎች በመካከላችን አሉ። የነርቭና የጡንቻ በሽታ አድሮባቸው ጉልበታቸው ቀስ በቀስ የከዳቸው እነዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ ሳናስበው የምንፈጽመውን ሳል ለመፈጸም የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሰው ለመሳል እንኳ የሌላውን እጅ የሚሻ ከሆነ፣ ያንን እጅ የመስጠት ግዴታ አለብን ወይ? ካለብንስ እስከ ምን ድረስ ነው? ደግሞስ ሕመምተኛው ራሱ «ከእንግዲህ ይበቃኛል፤ ቤተ ሰቤን አላድክም» ቢል ምን ብለን እንመልስለታለን? ጥያቄው ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም። መልሱ በአብዛኛው በሆስፒታል ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ በእናት፣ በሚስት፣ በልጅና በጎረቤት እጅ የሚሰጥ ነውና።

ሀ. የሳል ሥራ

ስለ ግዴታ ከመናገራችን በፊት ነገሩን ራሱን ማወቅ ይገባናል። ሳል ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ሰው በጥልቀት አየር ይስባል። ቀጥሎ በጉሮሮ ውስጥ ያለው የድምፅ አውታሮች በር ይዘጋና የደረትና የሆድ ጡንቻዎች አየሩን ይጨምቁታል፤ ይህ የሚቆየው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በመጨረሻም በሩ በድንገት ሲከፈት አየሩ በኃይል እየወጣ አክታውን ጠራርጎ ይወስዳል። በጤናማ ጎልማሳ ሰው የሳል አየር ከፍተኛው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ360 ሊትር በላይ ነው። ይህ ከ270 በታች ሲወርድ ተራ ጉንፋን እንኳ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ከ160 በታች ሲወርድ ደግሞ አክታን በራስ ኃይል ማውጣት እጅግ አዳጋች ይሆናል።

የነርቭና የጡንቻ በሽታዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ለምሳሌ ዱሼን በመባል የሚታወቀው የጡንቻ መመንመን በሽታ ይበልጡን ወንዶች ልጆችን ይይዛል። ልጁ በደኅና መራመድ ከጀመረ በኋላ መውደቅ ያበዛል፤ አብዛኞቹ ዐሥራዎቹን ዕድሜ በጀመሩ ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር መጠቀም ይጀምራሉ፤ ከዚያም ድካሙ ወደ መተንፈሻ ጡንቻዎች ይደርሳል። ኤ.ኤል.ኤስ. የተባለው የነርቭ በሽታ ደግሞ በሥራና በኑሮ የበረቱ ጎልማሶችን ይይዛል። በእነዚህና በመሰሎቻቸው በሽታዎች ብዙዎችን ለሞት የሚያደርሳቸው የመተንፈሻ ጡንቻዎች ድካም፣ ከእርሱም ጋር በሳንባ ውስጥ ታግዶ የቀረው አክታ የሚያስከትለው የሳንባ ምች ነው። አንድ ጤናማ ሰው በሁለት ቀን የሚረሳው ጉንፋን ለእነርሱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ለ. የእጅና የመሣሪያ እርዳታ

ሳልን ለመርዳት የሚያገለግሉት ዘዴዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሳንባውን መሙላት ነው። በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት አየር ደጋግሞ ይሰጠዋል፤ ሕመምተኛውም የሰጡትን ሳያስወጣ በላዩ ሌላ እየደራረበ ይይዛል። ሁለተኛው የእጅ እርዳታ ነው። ረዳቱ ሁለቱን መዳፎቹን ከጎድን አጥንት ግርጌ በላይኛው ሆድ ላይ ያኖራል፤ ሕመምተኛው መሳል በሚጀምርባት ቅጽበትም ወደ ውስጥና ወደ ላይ ፈጠን ብሎ ይገፋል። ሦስተኛው በአፍና በአፍንጫ ላይ በሚደረግ ጭንብል አየርን በግፊት ካስገባ በኋላ ወዲያውኑ መልሶ የሚስብ መሣሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ በአሜሪካ የተሠራው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ዘመን ነበር። በኋላ አንገትን ቀድዶ በቱቦ አክታ መምጠጥ እየተለመደ ሲሄድ መሣሪያው ከአገልግሎት ርቆ ቆየ። በ1993 እ.ኤ.አ. ግን ታድሶ እንደገና ለገበያ ቀረበ። በዚያው ዓመት ዶክተር ጆን ባክ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ21 ሕሙማን ላይ ያደረጉትን ልኬት አሳተሙ። ሕሙማኑ ያለ እርዳታ ሲስሉ የአየሩ ፍጥነት በአማካይ በደቂቃ 110 ሊትር ገደማ ነበር። ሳንባቸው አስቀድሞ በአየር ሲሞላ ወደ 200 ከፍ አለ፤ በዚህ ላይ የእጅ ግፊት ሲጨመር ወደ 255፤ በመሣሪያው ደግሞ ወደ 450 ደረሰ።

እነዚህን ቁጥሮች ልብ ብለን እንመልከታቸው። መሣሪያው ከሁሉ የበለጠ መሥራቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን አንድ የአየር ከረጢትና ሁለት የሠለጠኑ እጆች ብቻ የሕመምተኛውን ሳል ከእጥፍ በላይ አሳድገው፣ አክታን ማውጣት ከማይቻልበት ደረጃ ወደሚቻልበት አድርሰውታል። ስለዚህ «መሣሪያው ከሌለ ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው አባባል እውነት አይደለም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የሕክምና መመሪያ አይደለም። ሕመምተኛው ከተመገበ ብዙም ሳይቆይ ሆዱን መግፋት፣ ጎድኑ የተሰበረውን ወይም አጥንቱ የሳሳውን ሰው መጫን ጉዳት ያመጣል። እጁን ለመስጠት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከሐኪም ወይም ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊማር ይገባዋል። በጎ ፈቃድ ዕውቀትን አይተካምና።

የእጅ እርዳታ አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ረዳቱ መሪ ሊሆን አለመቻሉ ነው። ሕመምተኛው አየሩን እስኪስብና ሳሉን እስኪጀምር ድረስ እጅ መጠበቅ አለበት፤ ቢቀድምም ቢዘገይም ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ዐልጋ ላይ የተኛው ሰው የሚጎተትና የሚገፋ ዕቃ አይደለም፤ የሥራው ባለቤት እርሱ ነው፤ ጤነኛው ግን ትእዛዙን ጠባቂ ነው። ይህን ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ሐ. የተለመደውና ልዩው መንገድ

የግብረ ገብ ትምህርት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ የቆየ መለኪያ አለው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በስፔን ሳላማንካ ያስተምር የነበረው ዶሚኒካዊው ፍራንቺስኮ ደ ቪቶሪያ ሰው ሕይወቱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ይህ ግዴታ ግን ወሰን እንዳለው አስረዳ። ድኻ ሕመምተኛ ዕድሜውን ለማርዘም ሲል እንደ ዶሮ ሥጋ ያለውን ውድ ምግብ እንዲበላ አይገደድም፤ ሰዎች እንደ ወትሮው የሚመገቡት ይበቃዋል። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዶሚንጎ ባኜስ ይህን ሐሳብ «የተለመደ» እና «ልዩ» በሚሉ ሁለት ቃላት ለየው። የተለመደውን መንገድ መከተል ግዴታ ነው፤ ልዩውን ግን መቀበልም መተውም ይቻላል።

ጥያቄው በዘመናችን እንደ አዲስ የተነሣው የመተንፈሻ እርዳታ በተስፋፋ ጊዜ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ኅዳር 24 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ ሰው የሚገደደው ለራሱም ሆነ ለሌላው ከባድ ሸክም በማይሆን መንገድ እንዲጠቀም መሆኑን፣ ይህም እንደ ሰው፣ እንደ ቦታው፣ እንደ ጊዜውና እንደ ባህሉ እንደሚለያይ ገለጹ። በ1980 እ.ኤ.አ. ከቫቲካን የወጣው ስለ «ዩታንሲያ» የሚናገረው መግለጫ ደግሞ ሕክምናው ካለው ችግር፣ አደጋና ወጪ፣ ከሚጠበቀውም ውጤት ጋር እየተመዛዘነ እንዲታይ፣ የሕመምተኛውም የአካልና የመንፈስ ብርታት እንዲታሰብ አስተምሯል። በቤተ ሰብ ወይም በማኅበረሰብ ላይ ከመጠን ያለፈ ወጪ ላለማስከተል ሲል ያልተመጣጠነ ሕክምና የሚተው ሰው ራሱን እንደገደለ እንደማይቆጠርም መግለጫው በግልጽ ያስቀምጣል።

ይህን መለኪያ በያዝነው ነገር ላይ ስናውለው የምናገኘው ምንድን ነው? የእጅ እርዳታ ወጪው ጥቂት ነው፤ ሥጋን አይቆርጥም፤ በአግባቡ ከተማሩት አደጋው አነስተኛ ነው፤ ጥቅሙ ግን ወዲያው የሚታይ ነው። ጠባዩም ከሕክምና ይልቅ ሕመምተኛን ከማጉረስ፣ ከማጠብና ከማገላበጥ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ሕመምተኛው እስከፈለገውና እስከጠቀመው ድረስ ይህን እርዳታ መንፈግ ምግብ ከመንፈግ ብዙም አይለይም። የመሣሪያው ነገር ግን እንደ ቦታው ይለያያል። መሣሪያው በሕዝብ ጤና አገልግሎት በሚገኝበት አገር ከተለመደው መንገድ የሚቆጠር ነው። ቤተ ሰቡ መሬቱን ወይም ከብቱን ሸጦ እንኳ ዋጋው ላይ በማይደርስበት ቦታ ግን ማንም ቤቱን አፍርሶ እንዲገዛ አይገደድም። ቢሆንም «ልዩ» ማለት «የተከለከለ» ማለት አይደለም። የሚችል ቢያደርገው የሚመሰገንበት ነው።

መ. የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «በሽታው የማይድን ከሆነ ሳልን መርዳት ሥቃይን ማርዘም አይደለም ወይ? ቀኑ ከደረሰ ለምን አንተወውም?» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሁለት ነገሮችን ያምታታል። በሽታው አይድንም ማለት ሕመምተኛው እየሞተ ነው ማለት አይደለም። በዱሼን የተያዙ ወጣቶች ቀድሞ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ያልፉ ነበር። ዛሬ የመተንፈስና የሳል እርዳታ፣ የልብ ክትትልና መድኃኒት የሚያገኙት ብዙዎቹ ሠላሳዎቹን ዕድሜ ይደርሳሉ፤ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። በዚያ ዕድሜ የሚማር፣ የሚያፈቅር፣ የሚጽፍ፣ የሚጸልይ ሰው አለ። በአክታ ታፍኖ መሞት ደግሞ ከሞቶች ሁሉ የቀለለ አይደለም፤ አክታውን ማውጣት ሥቃይን ማርዘም ሳይሆን ሥቃይን ማስወገድ ነው። በጉድጓድ የወደቀን ሰው ገመድ ሳንዘረጋለት «ቀኑ ነው» ብንል የእኛን ስንፍና በእግዚአብሔር ፈቃድ ላይ ማላከክ ይሆንብናል።

በተቃራኒው ደግሞ «ሕይወት ቅዱስ ስለሆነ የተገኘው ዘዴ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሊደረግ ይገባል» የሚሉ አሉ። ይህም ልክ አይደለም። በኤ.ኤል.ኤስ. የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲደክሙ ሕመምተኛው አየር ደርቦ መያዝ ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ እጅም ሆነ መሣሪያ ቀድሞ የሚሰጡትን ጥቅም አይሰጡም። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ምርጫ አንገትን ቀድዶ በቱቦ መተንፈስ ነው። ይህን ተቀብለው ለዓመታት በደስታ የኖሩ አሉ፤ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ አግኝተውት የተዉም አሉ። ሁለተኛው ሰው ሞትን እንደመረጠ አድርገን ልንፈርድበት አይገባም። ሕመሙን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ አእምሮው እስካለ ድረስም ውሳኔው የእርሱ ነው። የእጅ እርዳታው እንዳሳየን፣ በዚህም ረገድ የእኛ ሥራ መቅደም ሳይሆን እርሱን መስማትና መጠበቅ ነው።

ሠ. ሸክሙን የሚያከብደው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመጣለን። ከላይ እንዳየነው «ለሌላው ከባድ ሸክም መሆን» በመለኪያው ውስጥ የተቆጠረ ነው። እንግዲያው ልጁ «እናቴ ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም፤ ከዚህ ወዲያ አትርጂኝ» ቢል ምክንያቱ ተቀባይነት የለውም ማለት አንችልም። እናቲቱ በእውነት ደክማለች። ጉንፋን በያዘው ሰሞን እርዳታው በቀንም በሌሊትም በየጥቂት ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል። ለአንዲት ሴት ይህ ለሳምንታት ሲቀጥል ከባድ ሸክም እንደሚሆን የሚክድ የለም።

ነገር ግን መጠየቅ የሚገባን አንድ ነገር አለ። ሸክሙን ያከበደው በሽታው ነው ወይስ የተሸካሚው ማነስ? አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። የሚደረገው ሥራ አንድ ነው፤ በአንድ እጅ ሲሆን ልዩ፣ በብዙ እጅ ሲሆን የተለመደ ይሆናል። በመሆኑም አንድን እርዳታ «ከአቅም በላይ ነው» ብለን ከመወሰናችን በፊት የማን አቅም ብለን መጠየቅ አለብን። የአንዲት እናት አቅም አልቆ ሳለ የቁምስናው አቅም ገና ያልተነካ ሊሆን ይችላልና።

ይህ ባዶ ምኞት እንዳልሆነ በ1952 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የሆነው ይመሰክራል። በዚያ ዓመት በብሌግዳም ሆስፒታል የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ በርትቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የመተንፈስ እርዳታ ካስፈለጋቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። የነበሩት የመተንፈሻ መሣሪያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዶክተር ብዮርን ኢብሰን የተባሉት ሐኪም በአንገት በኩል ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። ይሁንና በአንድ ጊዜ እስከ 70 የሚደርሱ ሕሙማንን ሌት ተቀን የሚያስተነፍሰው ማን ነው? ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ፣ ለሳምንታትና ለወራት ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁ። የሟቾቹም ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ለአንድ ሐኪም የማይታሰብ የነበረው ለ1,500 ወጣቶች የአንድ ፈረቃ ሥራ ሆነ። በዚያ ሆስፒታል የበሽታው ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእጆቹ ቁጥርና የአሠራሩ ሥርዓት ነው።

ወንጌልም በቅፍርናሆም ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ የነደሉት አራት ሰዎች እንደነበሩ ይነግረናል። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከደጅ ይመለስ ነበር።

እንግዲህ የሕመምተኛው «አላስቸግራችሁ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። አንደኛው «ሕክምናው ራሱ በዛብኝ» ማለት ነው፤ ይህን በአክብሮት መቀበል ይገባል። ሁለተኛው ግን «መኖሬ ለእናንተ ዕዳ እንደሆነ ተረድቻለሁ» ማለት ነው። ይህኛው የነጻ ሰው ውሳኔ ሳይሆን እኛ በአኳኋናችንና በአንደበታችን ያስተማርነው ነው። ሕመምተኛን ለመጠየቅ ሄደን፣ ጆሮው እየሰማ «ምነው እግዚአብሔር በገላገለው» የምንል ስንቶች ነን! ጡንቻው ደከመ እንጂ ጆሮው አልደከመም። በርኅራኄ የተናገርነው ቃል ለእርሱ የመሄጃ ጥሪ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ቤተ ሰቡን ለማሳረፍ ሲል እርዳታን ቢተው፣ በእርሱ ላይ ከመፍረድ በፊት ሸክሙን ለማቅለል ምን እንዳደረግን ራሳችንን እንጠይቅ።

ረ. በቁምስናችን ምን ይደረግ?

በአገራችን ሰው ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር እንደሚያድር ማንም አይጨነቅም፤ ዕድሩ ተራ ያወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ለሞተው ሰው ይህን ያህል ሥርዓት ያለን ሕዝብ፣ ለሚተነፍሰው ሰው ለምን ተራ የለንም? በሞተ ማግሥት ሦስት ሌሊት አብረው የሚያድሩ ጎረቤቶች፣ በሕይወት ሳለ በሳምንት አንዲት ሌሊት ቢያድሩለት ኖሮ እናቲቱ ባልደከመች ነበር።

ስለዚህ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሦስት ነገሮችን በትሕትና አሳስባለሁ። በመጀመሪያ፣ በየአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መኖር አለመኖሩን እወቁ፤ ብዙ ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከእልፍኝ አያወጣምና። ቀጥሎ፣ ቤተ ሰቡ ከፈቀደ፣ አራት ወይም አምስት ሰዎች ወደ ባለሙያ ሄደው የእጅ እርዳታውን በሚገባ ይማሩና ተራ ያውጡ፤ እናቲቱ የምትተኛበትን ሌሊት፣ ወደ ቅዳሴ የምትሄድበትን ሰንበት ስጧት። በመጨረሻም፣ ለልጆችና ለንኡሰ ክርስቲያን ስለ ሰው ክብር ስታስተምሩ፣ ክብር የሚገኘው ራስን በመቻል ብቻ ነው የሚለውን አሳብ አርሙላቸው። ማናችንም በእናታችን እቅፍ የጀመርን ነን፤ በሰው እጅም ወደ መቃብር እንወርዳለን። በመካከል ያለችው የጉልበት ዘመን አጭር ናት።

ባጭሩ ለማጠቃለል፣ ሕይወትን የመጠበቅ ግዴታ ወሰን አለው፤ ወሰኑ ግን በድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይደለም። በከፊል የሚወሰነው በሕመምተኛው ብርታትና ፈቃድ ነው፤ በከፊል ደግሞ በእኛ በጎረቤቶቹ ቁጥርና ትጋት ነው። የመጀመሪያውን ልናከብር እንጂ ልንለውጥ አንችልም። ሁለተኛው ግን በእጃችን ነው። እግዚአብሔር በሕመም ላይ ላሉት ብርታትን፣ ለሚያስታምሟቸው ዕረፍትን፣ ለእኛም የሌላውን ትንፋሽ የምንጠብቅበትን ትዕግሥት ይስጠን።